የገዳሪፉ ስካነር

ጥቅምት 8 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ መተማ ዮሐንስ

ብሌን ዛሬ በደንበኛ ፊት «እትዬ አገኘሽ፣ ያንን ሣጥን አሁንም አልጣሉትም?» አለችኝ። ሣጥን የምትለው ስካነሬን ነው። ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼም ግን አልበረደልኝም።

ከፊት ለፊቴ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ከከፈተች ገና ዓመቷ ነው። የመስተዋት በር፣ ቬንትሌተር፣ አንድ ቀጭን ነጭ ማሽን፤ እሱው ያትማል፣ እሱው ኮፒ ያደርጋል፣ እሱው ስካን ያደርጋል። የኔው የጠረጴዛውን ግማሽ ይዞ ከነዳንቴሉ ተጋድሟል። እሺ፣ አይሠራም። አይሠራም ማለትና አይረባም ማለት ግን ለየቅል ነው። ባለፈው ክረምት ብሌን ራሷ ሞክራው «አዲሱ ዊንዶውስ አያውቀውም፣ ጊዜው አልፎበታል» ብላ ፈርዳበታለች።

«ኮምፒውተርዎንም ፎርማት ያስደርጉት፤ ሊኑክስ ምን ያደርግልዎታል?» ትለኛለች ደግሞ። አላስደርግም። የሾፌርና የትራንዚተር ፍላሽ ቫይረሱን እያራገፈ ዊንዶውሴን በየወሩ ሲገድልብኝ ማን ደረሰልኝ? የሁለተኛ ደረጃው የኮምፒውተር መምህር ያረጋል አምና መጥቶ ሊኑክስ ጫነልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ራሱን እንኳ አላመመውም። የያዝሁትን አለቅም፣ በቃ።

ጥቅምት 11

ዛሬ ብዙ የምጽፈው አለ። ከቀትር ወዲህ መብራት የለም፣ ሙቀቱ ሱቅ ውስጥ አያስቀምጥም፤ በር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ረፋድ ላይ አንዲት እናት ገቡ። እማማ ፈንቴ ይባላሉ፤ ከጎጃም፣ ከቋሪት ነው የመጡት። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ሲፈቱት የግድግዳ ፍሬም ነው። በየቤቱ እንደምናየው በአንዱ ፍሬም ዘር ማንዘሩ ታጭቆበታል፤ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ወታደር የነበረው ዘመድ። ከታች በማዕዘኑ አውራ ጣት የምታህል ጉርድ ፎቶ አለች። ልጃቸው አንዷለም ነው። አምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ ቆላ ወረደ፤ አልተመለሰም፣ ድምፁም ጠፋ።

«ይችን ብቻ ትልቅ አርጊልኝ» አሉ። «አጫጆቹ ባሉበት ሁሉ እለጥፈዋለሁ። ፊደል የማይለይም ፊት ይለያል።»

ሥራው ደሞ ምን አለው ብዬ የፍሬሙን ጀርባ ከፈትሁ። ፎቶዋ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቃለች። ጣሪያው አፍስሶባት ደርቃ ነው። በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት አገጩ ሊላጥ ሆነ፤ ደንግጬ ተውሁት። ሌላ ፎቶ የለውም።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ይዣቸው ወደ ብሌን ተሻገርሁ። ቀጭኑ ማሽን ላይ ከነመስተዋቱ አስቀመጠችው። የወጣው ጉም የዋጠው ነገር ነው፤ ዓይኑ ከአፍንጫው አይለይም። ብሌን ሐቀኛ ናት፤ «ወረቀቱ የማሽኑን ገላ ካልነካ አይታየውም፣ በመሃል የፍሬሙ መስተዋት አለ» አለች። በስልኳም አነሳችው። የወጣው የራሷ ጣትና የጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው።

ያን ጊዜ ነው የኔ ሣጥን ትዝ ያለኝ። ባህሩ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ሲገዛው፣ ነጋዴው የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በላዩ አስቀምጦ አሳይቶት ነበር። ቆጣሪው፣ ቁጥሩ፣ የመስተዋቱ ጭረት ሳይቀር ወጣ። የድሮው ወፍራም ማሽን ዓይኑ ጥልቅ ነው፤ ያልነካውንም ያያል።

ባህሩ ባለቤቴ ነበር። ስካነሩን አምጥቶ በሦስተኛው ቀን ለሌላ ዕቃ ገዳሪፍ ተመልሶ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ስምንት ዓመት ሆነው። እናቱም ጎረቤቱም ይለቀስለት አሉ፣ ጎንደር ድረስ ሄጄ ፎቶውን አሳድጌ፣ ለቅሶውን ተቀምጬ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው የለኝም።

እማማ ፈንቴን ግን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ፍሬሙን ሙሉ ለምን ተሸክመው መጡ?

«አጎቱ ለቅሶ ይጠራ አለ» አሉኝ። «በእኛ አገር አስከሬን ከሌለ በፎቶውና በልብሱ ነው የሚለቀስ። እኔም ግድግዳውን አራቁቼ፣ ጋቢውንም ይዤባቸው መጣሁ። እስቲ በምን ያለቅሳሉ።»

እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ለማታ ከእኔ ጋር እንዲያድሩ አልጋ አነጠፍሁላቸው።

ጥቅምት 12

ዳንቴሉን አነሳሁ። ገመዱን ሰካሁ። የኮምፒውተሩን ጥቁር መስኮት ከፍቼ መምህሩ ያስተማረኝን ትእዛዝ ጻፍሁ። «ምንም ስካነር አልተገኘም» አለ። ገመድ ቀየርሁ። አልተገኘም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አልተገኘም ይለኛል።

ጥቅምት 15

ያረጋል ከትምህርት ቤት ሲወጣ መጣ። ሌላ ትእዛዝ ሰጠውና ዩኤስቢው ላይ አንድ ነገር እንዳለ ኮምፒውተሩ አመነ። አለ፣ ግን አይናገርም። አንድ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨመረ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። የለም።

«እትዬ፣ ይህ ማሽን በዕድሜ ከተማሪዎቼ ብዙ አያንስም እኮ» አለኝ።

«ታዲያ ዕድሜው ለትምህርት ደርሷል ማለት ነው፤ አስተምረዋ።»

ሲወጣ በር ላይ የቆሙት ደላሎች እኔንና እማማ ፈንቴን እያዩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባባሉ ሰማሁ። ወረቀት ነው የምሸጠው፤ ወረቀት መባል አያዋርደኝም።

ጥቅምት 19

ያረጋል ለስልጠና ጎንደር ሄዶ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ አነበበልኝ። በስልክ ነው የነገረኝ። ይህ ስካነር ሲበራ አእምሮው ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሩ አንድ ትንሽ ፋይል ካላጎረሰው አፉን አይከፍትም። ሊኑክስ ማጉረሱን ያውቃል፣ ጉርሻው ግን የፋብሪካው ስለሆነ ከራሱ የለውም። ከስካነሩ ጋር የመጣው ሲዲ ውስጥ አለ።

«ሲዲው አለ አይደል እትዬ?»

አምና ሊኑክስ ሲጭን «ሲዲው ለዊንዶውስ ነው፣ እኛ አንፈልገውም» ያለኝ ራሱ ነው። ብሌንም አይረባም አለች። በነሐሴ ዳኛው የሚባለው የአይሱዙ ሾፌር «እትዬ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የለዎትም ወይ» ብሎ ሲለምነኝ አንስቼ ሰጠሁት። መተማ ላይ መስተዋቱ ላይ ሲዲ ያላንጠለጠለ አይሱዙ የለም፤ ያጌጡበታል፣ ለክፉ ዓይንም ይሆናል ይላሉ። ዳኛው አሁን አብደራፊ ሰሊጥ እየጫነ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ጉርሻችን አቧራ ላይ እየተወዛወዘ ይዞራል ማለት ነው።

ያረጋልን ልሰድበው ነበር። ከዚያ ሳስበው የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ጥቅምት 24

ዳኛው የለም።

እማማ ፈንቴ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ይወርዳሉ። ከአጨዳ ለሚመለሰው ሁሉ ፍሬሙን እየያዙ «ይችን፣ የታችኛይቱን» ይላሉ። ሠራተኛው ደክሞታል፣ ፎቶዋ ትንሽ ናት፣ ፀሐይ መስተዋቱ ላይ ያንጸባርቃል። ያየው ሁሉ ሠርጉን አይቶ «የማን ሙሽራ ናት?» ይላቸዋል። ዛሬ አንዱ ፖሊስ «እኚህ ሴትዮ ግድግዳቸውን ይዘው ይዞራሉ» ሲል ሰማሁት። መልሼ «አንተ ግድግዳ ካለህ ይዘህ ና» አልሁት።

አጨዳው እያለቀ ነው። ኅዳር ከተጋመሰ አብደራፊ ላይ የሚቀረው የመጋዘን ዘበኛና የታመመ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶውን ብናሳድገው ለማን እናሳየዋለን።

ያን ሲዲ ምን ነክቶኝ ሰጠሁት? ከባህሩ ዕቃ ከቤቴ የወጣ እሱ ብቻ ነው። ጃኬቱን አልሰጠሁ፣ ጫማውን አልሰጠሁ፣ የጢም መላጫውን እንኳ አልሰጠሁ፤ ሲዲውን ሰጠሁ። ይኼም ቦታ የሚይዝ ነገር ሆኖ ነው?

ጥቅምት 30

መጣ። ዳኛው መጣ። «እትዬ፣ ማፊ ሙሽኪላ» እያለ ሲዲውን ከነክሩ አወረደው። ችግር የለም ይላል፤ ሲዲው በፀሐይ ገርጥቷል፣ ድመት የቧጨረችው ይመስላል።

ኮምፒውተሩ አጓራና ተፋው። ዳኛው የጥርስ ሳሙና አምጪ አለ። ሾፌሮች ዘፈን የሚዘል ሲዲ እንዲህ ነው የሚያክሙት። ከመሃል ወደ ዳር በጣቱ አሸው፣ አጠበው፣ በሸሚዙ አደረቀው። ሌላው ሁሉ አልነበብም አለ፤ ያቺ ፋይል ግን ወጣች። ግማሽ ገጽ ጽሑፍ የማትሞላ ናት።

ከጎንደር የተመለሰው ያረጋል የይለፍ ቃል በሚጠይቀው፣ እሱ የአለቃ በሚለው ትእዛዝ ቦታዋ ላይ አስቀመጣት፤ እኔ የይለፍ ቃሉን ጻፍሁ። ስካነር ተገኘ። ስሙንም ተናገረ። መብራቱ ቦግ አለ፤ እማማ ፈንቴ እልል ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ክርርር ብሎ ጥርሱን አፋጨና ቆመ። ደገምነው። ክርርር።

ኅዳር 2

ያረጋል የማሽኑ የውስጥ ጥርስ ተሰብሯል አለ። «ይቅርብዎት እትዬ፣ ዕድሜው ነው።»

ብሌንም ተሻግራ መጣች። ፍሬሙን ሰብረን ፎቶዋን በውሃ እንዘፍዝፋት አለች። ክፋት የላትም፣ ልትረዳ ነው። እማማ ፈንቴ ፍሬሙን ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጉ፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው ለቀቁት።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉ። «ይዤው ልመለስ ይሆናል። የእግዜር ፈቃድ ከሆነ ያልቅሱ።»

ጮህሁባቸው። እናቴን ለሚያህሉ ሰው ጮህሁ። «ማን ሞተና ነው የሚለቀሰው? ማን አየ? ሰው ይለቀስ ባለ ቁጥር መቀመጥ ነው እንዴ?» አልሁ። ብሌን አፏን ይዛ ወጣች። እማማ ፈንቴ ግን አልተቆጡም፤ ብዙ አዩኝ። «እሺ እቴ፣ አልሄድም» አሉ።

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። ሙቀቱ ይሆናል።

ኅዳር 5

ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ከስካነሩ ሥር ጉንዳን ሲወጣ አየሁና ልጠርገው ብዬ ገለበጥሁት። ሆዱ ላይ ቡናማ ፕላስተር ተለጥፏል። ያንን ፕላስተር አውቀዋለሁ፤ ባህሩ ነው። ቀዳዳ ካየ አቧራ ይገባል ብሎ ይለጥፋል፤ ራዲዮኑን፣ ሰዓቱን፣ የበሩን ስንጥቅ ሳይቀር እንዲህ ነበር የሚለጥፈው። ላጥሁት። ከሥሩ የምትንሸራተት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ በአጠገቧ የተዘጋ ጓጉንቸር ተሥሏል።

ቆልፎታል። ድንበሩን በገላባት ሲሻገር በመንገዱ እንዳይንገጫገጭ ቆልፎት፣ ከላይ ለጥፎት፣ ሊከፍተው ሳይደርስ ሄደ። ይህ ማሽን ስምንት ዓመት የሞተ ነው ሲባል ተቆልፎ ነው የተቀመጠ። አንድ ሰው ገልብጦ አላየውም። እኔም አላየሁትም።

ቁልፏን ገፋሁ። ቀጭ አለች።

ፍሬሙን በላዩ አስተኛን። መብራቱ ዳር ይዞ ሄደ፤ ሲሄድ የፍሬሙ ጥግ በብርሃን ተሞላ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ከፀጉሩ ጀምሮ ወረደ። ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ ያቺ ልትላጥ የነበረች አገጩ፣ የኮቱ ክር ሳይቀር። እማማ ፈንቴ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ኮቱ የአጎቱ ነው» አሉ። «ለፎቶ ብሎ አውሶት ነበር። ያ አልቅሱለት ባዩ።»

ብሌን በሩ ላይ ቆማ አየች። «እትዬ፣ ቆንጆ ነው» አለች። ሣጥን አላለችም።

ኅዳር 6

ከፎቶው ሥር ምን እንጻፍ? እኔ «ይህን ወጣት ያያችሁ ወሮታውን እንከፍላለን» የሚል አዘጋጅቼ ነበር፤ እንደ ደንቡ። እማማ ፈንቴ አነብቢልኝ አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለሌላው ሰው አይደለም የምጽፍ። ለሱ ነው። እንዲህ በይ፤ አንዷለም፣ እናትህ መተማ ናት። ባዶ እጅህን ና።»

«ባዶ እጁን መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ያለው ቢሆን ይመጣ ነበራ። አንች ልጅ፣ ወንድ ልጅ ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ወጥቶ ኪሱ ከነጠፈ፣ ሞት ይሻለኛል ብሎ ይደበቃል። ሁሉ የሚሞት መሰለሽ? የሚያፍርም አለ።»

ይህን ቃል ደጋግሜ አሰብሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ዳኛው ወረቀቱን ይዞ በሳንጃ አድርጎ አብደራፊ ሄደ። መጋዘን በር ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ሻይ ቤት እለጥፋለሁ ብሏል። ሙጫውን ገዝቼ ሰጠሁት። የስልኩ ቁጥር የኔው ነው።

ያረጋል አንዱን ወረቀት ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ወሰደ። «ይህን ሊኑክስ ነው የሠራው» ሊላቸው ነው። ይበላቸው። ሲዲ አያስፈልግም ማለቱን ግን እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ።

ኅዳር 17

ስልክ የለም። ሁለት የተሳሳተ ቁጥር፣ አንድ ሰካራም።

ገበያ ላይ «አሮጊቷን በተስፋ ትገድላታለች» ይሉኛል አሉ። እንዲህ የሚሉት ያኔ እኔን ለቅሶ ያስቀመጡኝ ሰዎች ናቸው።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ደንበኛ እያስተናገድሁ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ድምፅ ነው፣ ቀጭን።

«ይኼ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው?»

«ነው።»

ከኋላው ትራክተር ይሰማኛል።

«እውነት እናቴ እዚያ ናት?»

ስልኩን ለእማማ ፈንቴ ሰጠሁና ወጥቼ የብሌን ደጃፍ ላይ ቆምሁ። ብሌን ምን ሆኑ አለችኝ፤ አቧራ ገባብኝ አልኋት። ውሃ አመጣችልኝ፣ ጠጣሁ።

ኅዳር 25

አንዷለም ዛሬ በዳኛው መኪና መጣ። አምና ወባ ጥሎት የሠራው ሁሉ በሕክምናና በምግብ አልቆ፣ ከዚያ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ከርሟል። ክረምቱን ሙሉ አገሬ እንዴት እገባለሁ ሲል ነበር። አንድ ጠዋት የሚጠብቀው በር ላይ የገዛ ፊቱን አገኘው። ጽሑፉን ደጋግሞ አንብቦ፣ ሰው እንዳያይበት መጀመሪያ ቀደደው፤ ከዚያ ቁጥሩን ፍለጋ ቁርጥራጩን ለቀመ።

እማማ ፈንቴ እንደ ፊልም አላቀፉትም። በነጠላቸው ጫፍ ትከሻውን ደጋግመው መቱት። «አጎትህ ኮቱን ይፈልጋል» አሉት። ከዚያ ጋቢውን አለበሱትና በጋቢው ላይ ተደፉ።

ስሸኛቸው ፍሬሙን እንደገና ጠቀለሉት፤ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ግንባሬን ሳሙኝና «አንችስ እቴ፣ የማንን ነው የምታሳድጊ?» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶብኛል» አልኋቸው።

ታኅሣሥ 4

ሥራ በርግጥ በዝቷል። ከመስተዋት የተጣበቀ ፎቶ ያለው ሁሉ ግድግዳውን እየነቀለ ይመጣል። ብሌን ራሷ «ይህን ለእትዬ አገኘሽ ውሰዱት» እያለች ትልክልኛለች። ዳንቴሉን አጥቤ ለቴሌቪዥኑ አለበስሁት፤ ስካነሩ አያስፈልገውም፣ ሲሠራ ይሞቀዋል።

ዛሬ ከሰዓት ሰው ስላልነበረ ማሽኑን ልሞክረው አልሁ። ረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ነገር በየጊዜው መሞከር አለበት፤ ያረጋልም ይህንኑ ይላል። ለሙከራ ቅርብ የነበረው የባህሩ ፎቶ ነው፤ ያ የለቅሶው አይደለም፣ እሱን አልወደውም። ገዳሪፍ ላይ በጀላቢያ የተነሳው፣ ሊስቅ ሲል የተያዘው። ጥርት ብሎ ወጣ። ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ እንዳይሆን የእማማ ፈንቴን ጽሑፍ አስገባሁና ስሞቹን ለወጥሁ፦ ባህሩ፣ አገኘሽ መተማ ናት። ባዶ እጅህን ና። ጨርቅ የሚሸጠው ሱዳናዊ ደንበኛዬ በዓረብኛም እንዲጽፍልኝ አደረግሁ፤ ሊኑክሱ ዓረብኛ መቻሉን ለማየት ነው። ይችላል።

ዳኛው ነገ ገላባት ይሻገራል። እዚያ የገዳሪፍ ሾፌሮች ሁሉ ጓደኞቹ ናቸው።

ለሙከራ ነው። አርባ ቅጂ አተምሁ።